አነስተኛ የጎልፍ ዕቃ ሱቅ፦ ገበያው ሲደራና ሲቀዘቅዝ

ፌርዌይ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ክፍል ማሳያ፣ ከኋላው አንድ የጥገና ጠረጴዛና ሁለት ሠራተኛ ስላለው አነስተኛ የጎልፍ ዕቃ ሱቅ እንወያይ። ሜዳው በበረዶም ሆነ በከባድ ዝናብ ምክንያት የተወሰኑ ወራት በሚዘጋበት ቦታ አብዛኛው ሽያጭ ተጨናንቆ የሚገባው በአምስት ወር ውስጥ ነው። ኪራይና ደመወዝ ግን አሥራ ሁለቱንም ወር ይከፈላል።

ሦስት ነገር ላይ ዝርዝር መልስ ብትሰጡ ጥሩ ነው። የቅድሚያ ትዕዛዝ ምን ያህል ይሁን? ገበያው በሚቀዘቅዝበት ጊዜ የጥገናው ጠረጴዛ ምን ይሥራ? ያልሄደ ዕቃስ ዋጋው መቼ ይቀነስ? «ደንበኛን በትሕትና አስተናግዱ» ዓይነት ምክር ሁላችንም ስለምናውቀው ቁጥርና አሠራር ላይ እናተኩር።

ሒሳብ_ያዥ

ከቅድሚያ ትዕዛዙ ልጀምር፤ የዓመቱ ትርፍ ወይም ኪሳራ በአብዛኛው የሚወሰነው እዚያ ነው።

ትልልቆቹ አምራቾች የመጪውን ወቅት ትዕዛዝ የሚሰበስቡት የያዝነው ወቅት ገና ሳያልቅ ነው። ዕቃውን ቀደም ብለው ይልኩና የመክፈያውን ቀን ገበያው ከተከፈተ በኋላ ያደርጉታል። ብዙ ባለሱቅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዛሬ ከኪስ የሚወጣ ነገር ስለሌለ ከሚሸጠው በላይ ያዝዛል፤ የመክፈያው ቀን ሲደርስ ግማሹ ዕቃ ከነካርቶኑ ተቀምጧል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የዕቃ ዓይነት ለየብቻ ይሰላ፦ በወቅቱ ይሸጣል የተባለው፣ ሲደመር ወቅቱ ሲዘጋ እንዲተርፍ የሚፈለገው፣ ሲቀነስ በእጅ ያለው፣ ሲቀነስ ታዝዞ ያልገባው።

ጓንትን እንውሰድ። በወቅቱ 240 ይሸጣል ከተባለ፣ ሲዘጋ 40 እንዲኖር ከተፈለገ፣ በእጅ 65 ካለ፣ 36 ደግሞ መንገድ ላይ ከሆነ፦ 240 + 40 − 65 − 36 = 179። በደርዘን ሲሆን 15 ደርዘን ማለት ነው። ይህን ግን በአንድ ጊዜ አታስመጡ። 9 ደርዘን በቅድሚያ ይታዘዝ፤ ቀሪው 6 ደርዘን የትኛው መጠን እንደሚሄድ ከታየ በኋላ ወቅቱ መሀል ላይ ይሟላ። ቅድሚያውን 60 በመቶ ግድም ላይ ማቆም ለጓንት፣ ለኳስና ለግሪፕ (የዱላው የጎማ መያዣ) ይሠራል፤ እነዚህ አከፋፋዩ ዘንድ ዓመቱን ሙሉ የሚገኙ ናቸው። ለጫማና ለልብስ አይሠራም፤ የወቅቱ ቀለምና መጠን አንዴ ካለቀ ስለማይደገም ወይ በቅድሚያ ይያዛል ወይ ይታለፋል።

«ጨምረህ ካዘዝክ 5 በመቶ ተጨማሪ ቅናሽ» ሲባል በወረቀት ላይ አስሉት። 100 ፍሬ ላይ 5 በመቶ ማለት የ5 ፍሬ መግዣ ማትረፍ ነው። ከመቶው 17 ፍሬ ብቻ ተርፎ ከመግዣው በ30 በመቶ ዝቅ ብሎ ቢሸጥ ያ ትርፍ ሙሉ በሙሉ ሄዷል።

ሌላው የሞዴል መቀየሪያ ጊዜ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው። ቲትሊስት የፕሮ ቪ 1 ኳስን በ2019፣ በ2021፣ በ2023 እና በ2025 አድሷል። የዚያው ኩባንያ ቮኪ ዌጆች (ለአጭር ርቀት ምት የሚሆኑ ዱላዎች) ደግሞ ኤስኤም 8 በ2020፣ ኤስኤም 9 በ2022፣ ኤስኤም 10 በ2024 ወጥተዋል። ፒንግ ዋናውን ድራይቨሩን (ለረጅሙ ምት የሚሆነውን ዱላ) በሁለት ዓመት አንዴ ይቀይራል፤ ጂ 410 በ2019፣ ጂ 425 በ2021፣ ጂ 430 በ2023፣ ጂ 440 በ2025። ቴይለርሜድና ካላዌይ ግን በየዓመቱ መጀመሪያ አዲስ ድራይቨር የማውጣት ልማድ አላቸው። ይህ ሰንጠረዥ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ኳሱ ሊታደስ ሦስት ወር ሲቀረው በገፍ ማከማቸት ዋጋው ሊወርድ የተቃረበ ዕቃ መግዛት ነው፤ የአራት ሳምንት ሽያጭ የሚሸፍን ብቻ ይያዝ። አምራቹ ዋጋ ሲቀንስ በእጅ ላለው ዕቃ ልዩነቱን ይመልስ እንደሆነም ከትዕዛዙ በፊት በጽሑፍ ይጠየቅ። ወኪሉ በቃል የሰጠው ተስፋ ወኪሉ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

ባለሞርሳው

ስለ ጠረጴዛው እኔ ልመልስ። የአነስተኛ ሱቅ ጉልበት ጥገናው ነው። ድራይቨርን ከየትም ማስመጣት ይቻላል፤ ግሪፕ ለማስቀየር ግን ሰው ዱላውን ይዞ መምጣት አለበት።

ግሪፕ መቀየር ቀላል ቢመስልም የሚበላሸው በጥቃቅን ነገር ነው። ዱላው በጎማ መያዣ ተደርጎ ሞርሳ ላይ ይታሰር፤ ጎማ የሌለው ሞርሳ የግራፋይት ሻፍትን (የዱላውን ዘንግ) ይሰነጥቃል። አሮጌው ግሪፕ በመንጠቆ ምላጭ ከሰውነት ወደ ውጭ ይቀደድ። ቀጥ ያለ ምላጭ የግራፋይቱን ክር ይቆርጣል፤ ሻፍቱ ከሳምንታት በኋላ እዚያው ላይ ሲሰበር ጥፋቱ የሱቁ ነው። የድሮው ፕላስተር ቅሪቱ ሳይቀር ይነሳ። እብጠት ከቀረ ከአዲሱ ግሪፕ ሥር በእጅ ይታወቃል።

ቀጥሎ ግሪፕ የሚገባበት የሻፍቱ ጫፍ በካሊፐር ይለካ። የተለመዱት 0.580 እና 0.600 ኢንች ናቸው፤ ግሪፑም በውስጥ ስፋቱ እንዲሁ ይከፈላል። 0.600 ግሪፕ 0.600 ሻፍት ላይ በአንድ ዙር ፕላስተር ሲገባ መደበኛ ውፍረት ይሰጣል። 0.580 ግሪፕ 0.600 ሻፍት ላይ ከገባ ከ1/64 ኢንች ትንሽ በለጥ ብሎ ይወፍራል። እያንዳንዱ ተጨማሪ የወረቀት ፕላስተር ዙር 1/64 ኢንች ግድም ስለሚጨምር አራት ዙር ወደ ሚድሳይዝ (ከመደበኛው ወፈር ያለው መጠን) ያደርሳል። ባለሁለት ፊቱ ፕላስተር 2 ኢንች ስፋት ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ በሻፍቱ ርዝመት አንድ ቁራጭ፣ ከጫፉ ግማሽ ኢንች ተርፎ ወደ ውስጥ ይታጠፍ። ያ እጥፋት ፈሳሹ ወደ ሻፍቱ ባዶ ውስጥ እንዳይገባ ይከላከላል።

ለማንሸራተቻ አኳራጅ ወይም ዋይት ስፒሪት ይበቃል። ጋዝና ናፍጣ የቅባት ቅሪት ስለሚተዉ ማጣበቂያው መቼም በደንብ አይይዝም። የግሪፑ ቀዳዳ በቲ (ኳስ የሚቀመጥበት ትንሽ ሹል እንጨት) ይዘጋ፣ ፈሳሹ ይጨመርና ይናጥ፣ ከዚያ ፕላስተሩ ላይ ከዳር እስከ ዳር ይፍሰስ፤ ከሥር ሳህን ካለ ተመልሶ ይሰበሰባል። ግሪፑ በአንድ ትንፋሽ ይግባ። መሀል ላይ የሚቆመው ፈሳሽ ሲያንስ ነው። ያኔ በጉልበት የገፋ ሰው ጎማውን ይስበዋል፤ የተሳበ ግሪፕ ይረዝማል፣ ይቀጥናል፣ ባለ መስመር ከሆነም መስመሩ ይጣመማል። ከገባ በኋላ ፌሱን (ኳሱን የሚመታውን ገጽ) መሬት ላይ ቀጥ አድርጎ ማስተካከያው ጊዜ አንድ ደቂቃ ያህል ነው። ቢያንስ አራት ሰዓት ይቆይ፤ ክፍሉ ከቀዘቀዘ እስከ ነገ ይደር። በውኃ በሚሠራ ፕላስተር ከሆነ ደግሞ ማሳደሩ ግዴታ ነው።

አንድ ሙሉ ከረጢት ከፓተሩ (ኳሱን ወደ ጉድጓዱ ከሚገፋው ዱላ) ውጭ 13 ዱላ ነው። ለአንዱ 27 ሴንቲ ሜትር ግድም ፕላስተር ስለሚሄድ ለ13ቱ ሦስት ሜትር ተኩል ይፈልጋል፤ የ33 ሜትር ጥቅል ዘጠኝ ከረጢት ይሠራል።

አሁን ወቅቱን እንየው። ሰው ሁሉ ግሪፕ የሚያስቀይረው ሜዳው በተከፈተ ሳምንት ነው፤ ያኔ ጠረጴዛው አይበቃም፣ ስህተትም ይበዛል። ስለዚህ ደንበኛው ሜዳው ሊዘጋ ባለበት ሳምንት ዱላውን ትቶ እንዲሄድና በቀዝቃዛው ወራት ሲደርስለት እንዲወስድ ይደረግ፤ ለዚያ ጊዜ የእጅ ዋጋ ቀንሱ፣ የግሪፑን ዋጋ ግን አትንኩ። ሲረከቡ የዱላው ብዛት፣ የእያንዳንዱ ቁጥር፣ ያለው ጭረት በፎቶ፣ የሚገባው ግሪፕና የፕላስተር ዙር ብዛት ደረሰኙ ላይ ይስፈር። ይህ ካልተጻፈ «ይህ ጭረት አልነበረም» የሚለው ክርክር አይቀሬ ነው።

ፌርዌይ

ባለሞርሳው፣ በጣም አመሰግናለሁ። ሁለት ጥያቄ ልጨምር። ሻፍት መቀየር ለአነስተኛ ሱቅ ያዋጣል? ሎፍት (የፌሱ ወደ ኋላ መጋደል) እና ላይ-አንግል (ሻፍቱ ከመሬት ጋር የሚሠራው ማዕዘን) ማጠፊያው ማሽንስ ከሌሎቹ መሣሪያዎች በፊት መገዛት አለበት?

ባለሞርሳው

ማሽኑ መጀመሪያ አይደለም። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ ሞርሳ ከነጎማ መያዣው፣ ካሊፐር፣ የስዊንግ ዌይት (ዱላው ሲወዛወዝ የራሱ ክብደት በእጅ የሚሰማበት መጠን) ሚዛን፣ የግራፋይት ሻፍት መንቀያ፣ ከዚያ የሎፍትና የላይ-አንግል መለኪያ፣ በመጨረሻ ማጠፊያው። መለኪያው ብቻውን ሥራ ያመጣል። ፎርጅድ (ተቀጥቅጦ የተሠራ) አይረን፣ ማለትም የብረት ራስ ያለው ባለ ቁጥር ዱላ፣ ለስላሳ ስለሆነ በአጠቃቀም ብዛት ይዛነፋል፣ በዓመት አንዴ መለካትም አለበት። አንድ ሰው ሰባት ቁጥሩና ስምንት ቁጥሩ እኩል ርቀት ይሄድበታል ብሎ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ያ ነው።

ማጠፍ ሲጀመር ተቀጥቅጦ የተሠራውን (ፎርጅድ) እና ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰውን (ካስት) ለዩ። ፎርጅዱ በቀላሉ ይታጠፋል። ካስት የሆነው ጠንካራ ስለሆነ ከ2 ዲግሪ አትለፉ፤ ኃይሉም ሳይነጥቅ በዝግታ ይሁን። ውስጡ ባዶ የሆነና ፌሱ ቀጭን የሆነ አይረን ከሆነ የአምራቹ መመሪያ ሳይታይ ማሽን ላይ አይውጣ። ዌጅ ላይ አንድ ዲግሪ ሎፍት የጨመረ አንድ ዲግሪ ባውንስም (የዱላው ራስ ሥር ከመሬት ጋር የሚሠራው ማዕዘን) ጨምሯል፤ ሎፍቱን የቀነሰም እንዲሁ ባውንሱን ይቀንሳል። ደንበኛው 54ቱን 52 አድርግልኝ ሲል 10 የነበረው ባውንስ 8 እንደሚሆን አስቀድሞ ይነገረው።

ሻፍት መቀየር ያዋጣል፤ ግን የዱላው ራስ ውስጥ የሚገባውን የሻፍት ጫፍ ስፋት ያልለካ ሰው አይጀምረው። ድራይቨር ብዙውን ጊዜ 0.335 ኢንች፣ አይረን ወይ 0.355 ሾጣጣ ወይ 0.370 ቀጥ ያለ ነው። ብረቱን ሻፍት በሙቀት አላልቶ እያዞሩ መንቀል ይቻላል። ግራፋይት ግን አይዞርም፤ መንቀያው ላይ ታስሮ ሙቀቱ ሆዝሉ (ሻፍቱ የሚገባበት የዱላው ራስ አንገት) ላይ ብቻ እየተሰጠ ቀጥ ብሎ ይሳብ። ሙቀት የበዛበት ግራፋይት ሙጫው ይቃጠልና ጫፉ እንደ መጥረጊያ ይበተናል።

አዲሱን ስታስገቡ የሻፍቱ ቀለም ሆዝሉ ውስጥ የሚገባው ልክ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ይነሳ። ቀለም ላይ የተለጠፈ ኢፖክሲ የያዘው ቀለሙን እንጂ ሻፍቱን አይደለም፤ የዱላው ራስ በምት መሀል ተነቅሎ የሚበረው በዚህ ነው። ሰውም ሊጎዳ ይችላል። ሆዝሉ ውስጥ የቀረው አሮጌ ኢፖክሲም በመቦረሻ ይጥራ፣ ሁለቱም በአሴቶን ይጠረጉ። ሁለቱ የኢፖክሲ ክፍሎች በእኩል መጠን የሚቀላቀሉ ከሆነ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይዋሃዱ። ከዚያ 24 ሰዓት ይቆይ። በቀዝቃዛው ወራት ክፍሉ ካልሞቀ በነጋታው የደረቀ የሚመስለው ውስጡ ለስላሳ ነው፤ ከድብልቁ ትርፍ ወረቀት ላይ አስቀምጡና በጥፍር ሞክሩት፤ እሱ ካልጠነከረ ዱላው አይሰጥ።

ክብደትን በተመለከተ፦ የዱላው ራስ ላይ 2 ግራም ሲጨመር ስዊንግ ዌይት አንድ ነጥብ ግድም ይወጣል፤ ግሪፑ ላይ 5 ግራም ሲጨመር አንድ ነጥብ ግድም ይወርዳል፤ ግማሽ ኢንች ርዝመት ሦስት ነጥብ ያህል ነው። ከብረት ወደ ቀላል ግራፋይት የቀየረ ደንበኛ «የዱላው ራስ ጠፋብኝ» የሚለው ከዚህ የተነሳ ነው፤ ከመጣበቁ በፊት ደረቁን ገጣጥሞ ሚዛን ላይ ማውጣት ይቻላል።

ቲ_ከፍታ

ከሒሳብ ያዥ ጋር አንድ ነገር ላይ ልለያይ። አነስተኛ ሱቅ ድራይቨር በመደርደሪያ መያዝ የለበትም ባይ ነኝ። ገንዘብ የሚታሰረው እዚያ ነው፤ ሎፍቱ በሻፍቱ ጥንካሬ፣ ያም በቀኝና በግራ እጅ ሲባዛ አንድ ሞዴል ብቻ አሥራ ሁለት ፍሬ ይጠይቃል። ከሁለት አምራች የመሞከሪያ ራስና ሻፍት ይያዝ፤ ራስ በ9፣ በ10.5 እና በ12 ዲግሪ፣ ሻፍት አራት ዓይነት። ሲሸጥ በደንበኛው ልክ ይታዘዝ፣ ቀብዱ ግማሽ ይሁን። አዳፕተር (ሻፍቱን ከራሱ ጋር የሚያገጥመው ቁራጭ) ከአምራች አምራች ስለማይገጥም ሻፍቶቹ ለየብቻ መገዛት አለባቸው። ብሎኑ በቶርክ ቁልፍ ይጥበቅ፤ ብዙዎቹ 40 ኢንች-ፓውንድ፣ ማለትም 4.5 ኒውተን ሜትር ላይ «ቀጭ» ይላሉ። በተራ ቁልፍ የጠበቀ ወይ ጥርሱ ይበላል ወይ እየላላ ይንኳኳል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ሙከራው በትክክል ከተካሄደ ነው። ጣሪያው 3 ሜትር ግድም ካልሆነ ረጅም ሰው ድራይቨር በነፃነት አይመታም፤ እጁን የሰበሰበ ሰው ላይ የተወሰደ ልኬት ሜዳ ላይ አይደገምም። የመለማመጃ ኳስ አትጠቀሙ፤ ፍጥነቱንም ሽክርክሪቱንም ያዛባል። የኳስ ፍጥነት ለዱላ ፍጥነት ሲካፈል በድራይቨር ጥሩ ምት 1.50 ግድም ነው፤ የምት መለኪያው መሣሪያ ደጋግሞ 1.55 ካሳየ ምቱ አልተሻለም፣ መሣሪያው በትክክል አልተስተካከለም። የሻፍት ጥንካሬ ፊደሎች በአምራቾች መካከል የጋራ መለኪያ የላቸውም፤ በሰዓት ከ85 እስከ 95 ማይል ለሚመታ አር፣ ከ95 እስከ 105 ኤስ የሚለው መነሻ ብቻ ነው። የአንዱ አር ከሌላው ኤስ ሊጠነክር ይችላል።

ለአይረን ኳሱ ላይ ቀጥ ያለ መስመር በማርከር አስምሩና ወደ ፌሱ አዙራችሁ አስመቱ። ፌሱ ላይ የታተመው መስመር ቀጥ ካለ ላይ-አንግሉ ልክ ነው። ካጋደለ የባለሞርሳው ማሽን ሥራ አገኘ ማለት ነው።

ይህ ክፍል ደግሞ በቀዝቃዛው ወራት ይሠራል። ሜዳ በተዘጋበት ጊዜ ቀጠሮ ይያዝ፣ ትዕዛዙ ይተላለፍ፣ ዱላው ሜዳው ሲከፈት ይደርሳል። ሜዳው ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሚታዘዝ ግን በአምራቹ ወረፋ ላይ ይቆያል።

ሒሳብ_ያዥ

አብዛኛውን እቀበላለሁ። ግን ዛሬውኑ ይዞ መሄድ የሚፈልግ ሰው አለ፤ በዚህ ምክንያት ብቻ 10.5 ዲግሪ፣ አንድ አር አንድ ኤስ፣ ቀኝ እጅ፣ ከአንድ ሞዴል በቂ ነው። የግራው ይታዘዝ። የጀማሪ ሙሉ ስብስብ ግን በመደርደሪያ መኖር አለበት፤ ጀማሪ ሦስት ሳምንት አይጠብቅም። የልጆቹ ስብስብ በዕድሜ ሳይሆን በቁመት ይመረጣል፣ ሽያጩም ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው።

ወደ ዋጋ ቅነሳው ልምጣ፤ እስካሁን ማንም አልነካውም። ቀኑ የሚቆጠረው ዕቃው ከገባበት ሳይሆን ወቅቱ ከተከፈተበት ነው። በ8ኛው ሳምንት ከገባው ሩብ ያህል እንኳ ካልተሸጠ ዋጋውን አትንኩ፣ ቦታውን ቀይሩ፤ ከዓይን ከፍታ በታች የተቀመጠ ጫማ ብዙ ጊዜ ችግሩ ዋጋው አይደለም። በ12ኛው ሳምንት 40 በመቶ ካልደረሰ 15 በመቶ ቀንሱ። በ16ኛው ከግማሽ በላይ ከቀረ ወደ 30 በመቶ ውረዱ፤ ገዢ ገና ሜዳ ላይ እያለ ማለት ነው። ሜዳ ከተዘጋ በኋላ ግማሽ ዋጋ ብትጽፉም የሚያየው የለም። ቅናሹን ሁለት ጊዜ በሚታይ መጠን ማድረግ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ከመሸርሸር ይሻላል፤ በየሳምንቱ ሲወርድ ያየ ደንበኛ ይጠብቃል። ቅናሽ ከማስተዋወቃችሁ በፊት የአምራቹን ዝቅተኛ የማስታወቂያ ዋጋ ስምምነት እዩ፤ በሱቅ ውስጥ የሚፈቀደው በኢንተርኔት ላይ ላይፈቀድ ይችላል፣ ቅጣቱም የዕቃ አቅርቦት መቋረጥ ሊሆን ይችላል።

ጫማ ላይ የሚያስቸግረው የመጠን መሰባበር ነው። 12 ጥንድ ከ40 እስከ 45 ሲታዘዝ 1፣ 2፣ 3፣ 3፣ 2፣ 1 ጥሩ መነሻ ነው። መሀለኞቹ ካለቁ በኋላ የቀሩት 40 እና 45 «ሁለት ጥንድ አለን» ተብለው መቆጠር የለባቸውም፤ ለደንበኛው ያ ሞዴል አልቋል። ወዲያው ወደ ቅናሹ ይሂዱ።

አሮጌ_ዌጅ

ጓንት ላይ የተሰጠው ቁጥር ጥሩ ነው፤ ስለ መጠን ግን ልጨምር። ቀኝ እጅ የሚጫወት ሰው ጓንቱን የሚያጠልቀው በግራ እጁ ስለሆነ ብዛቱ የግራ እጅ ጓንት ይሁን። አንድ ደርዘን እንዲህ ይከፈል፦ ስሞል 1፣ ሚዲየም 2፣ ሚዲየም-ላርጅ 3፣ ላርጅ 3፣ ኤክስ-ላርጅ 1፣ ካዴት ሚዲየም-ላርጅ 1፣ ካዴት ላርጅ 1። ካዴት የሚባለው ጣቱ አጠር፣ መዳፉ ሰፋ ያለ ነው። ጣቱ ጫፍ ላይ ጨርቅ የሚተርፍበትን ደንበኛ ወደ ትንሽ መጠን ሳይሆን ወደ ካዴት ውሰዱት። ቆዳው ፀሐይና ማሞቂያ አጠገብ ከተቀመጠ ማሸጊያው ሳይከፈት ይደርቃል።

አሁን ያገለገለ ዱላ። አዲስ ሞዴል ሲወጣ አሮጌውን ለማቀያየር የሚመጣው ይበዛል፤ መቀበል ያለበት ግን በወቅቱ መጀመሪያ እንጂ ሊዘጋ ሲል አይደለም። ወቅቱ ሊያልቅ ሲል የሚገባው እስከሚቀጥለው ድረስ ስለሚተኛ የመግቢያ ዋጋው ያንን ሊያካትት ይገባል።

ምርመራው እንዲህ ነው። ድራይቨሩ ፌስ ላይ ማስመሪያ በቁም አስቀምጡ፣ ቀጥሎ በአግድም። ጤነኛ ፌስ በሁለቱም በኩል ወደ ውጭ ይጎብጣል፤ ማስመሪያው መሀሉ ላይ ከተኛ ወይም ብርሃን ካሳለፈ ፌሱ ገብቷል፣ አይገዛም። የዱላውን ራስ ጆሮ አጠገብ አናውጡ፤ ከውስጥ የሚንኮሻኮሽ ቁራጭ ኢፖክሲ ቀላል ነው፣ የተነቀለ ክብደት ግን አይደለም። ሻፍቱን በትንሹ አጣሙና ቀስ ብላችሁ አዙሩ፤ የሚሰነጠቅ ድምፅ ካለ ተዉት። ብረት ሻፍት የሚዝገው ከፌሩሉ (ሻፍቱና ሆዝሉ የሚገናኙበት ቀለበት) በላይ ባለው አንድ ኢንች ላይ ነው፣ እዚያ አተኩሩ። አይረኖቹን ከግድግዳ አስጠግታችሁ በተርታ አቁሙ፤ በየቁጥሩ ግማሽ ኢንች እየተቀነሰ መውረድ አለበት። መሀል ላይ የሚዘል ካለ አንዱ ተቆርጧል ወይም ተቀጥሏል።

ሐሰተኛውን ለመለየት መለያ ቁጥሩን ከአምራቹ አጣሩ። ማግኔትም ይረዳል፤ ቲታኒየም ራስ ማግኔት አይስብም። አንዳንድ እውነተኛ ራሶች የብረት ክብደት ስላላቸው ግን ፍርዱ በማግኔት ብቻ አይሰጥ።

ውድድር የሚጫወት ገዢ ከሆነ ደንቡን ንገሩት። ከረጢቱ ውስጥ ቢበዛ 14 ዱላ ነው። የድራይቨር ራስ 460 ሲሲ ነው ጣሪያው። ከጃንዋሪ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ውድድር አዘጋጆች ከፓተር በስተቀር የዱላን ርዝመት በ46 ኢንች የመገደብ ምርጫ አላቸው። ከሐይቅ ወጥተው የሚሸጡ ኳሶችን ከአዲሱ ጋር አትደባልቁ። ውኃ ውስጥ የቆየና ቀለም በድጋሚ የተቀባ ኳስ ለየብቻ ተጽፎ ይቀመጥ፤ ቀለሙ ምን ያህል ጊዜ ውኃ ውስጥ እንደቆየ ይደብቃል።

መጋዘን_ጠባቂ

ማስቀመጥ የሚባለው ነገር ተረስቷል፤ በዝናብና በብርድ ወራት ግን የሚበላሸው እሱ ነው። ካርቶኖች ከመሬት ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበሉ፣ ከግድግዳም ይራቁ። ብረት ሻፍትና ያልተለበጠ ዌጅ በቀጭን ዘይት ይታበስ። የርቀት መለኪያዎች ባትሪ ወጥቶ ለብቻው ይቀመጥ። የኤሌክትሪክ ጋሪ ባትሪ ሊቲየም ከሆነ ግማሽ ያህል ተሞልቶ ይደር፣ በየሁለት ወሩም ይታይ። የአሲድ ባትሪ ከሆነ ተቃራኒው ነው፤ ሙሉ ሆኖ መቀመጥ አለበት፣ ባዶውን ከከረመ ተመልሶ አይይዝም።

ባለሞርሳው ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ እባካችሁ አትዝለሉት። አኳራጅ የሚፈስበት ጠረጴዛና ሙቀት የሚሰጥበት ጠረጴዛ አንድ አይሁን። በብርድ ጊዜ መስኮት ተዘግቶ፣ ማሞቂያ እየነደደ 13 ግሪፕ ሲቀየር ትነቱ ክፍሉን ይሞላል። የራሰው ጨርቅ ክዳን ባለው ብረት ቆርቆሮ ውስጥ ይግባና ማታ ከሱቁ ይውጣ።

ፌርዌይ

ይህ ሁሉ ትልቅ እገዛ ነው። የቀረው ገንዘቡ ነው፤ በቀዝቃዛው ወራት የሚያስፈልገው ከደራው ወራት እንዴት ይቀመጥ?

ሒሳብ_ያዥ

በክፍልፋይ ላሳይ፣ እያንዳንዱ በራሱ ቁጥር ይተካው። የወሩ ቋሚ ወጪ 100 ይሁን። ገበያ የሚቀዘቅዝበት አምስት ወር ነው። በእነዚህ ወራት ጥገናው፣ የሙከራ ቀጠሮውና ትናንሽ ሽያጩ በወር 45 ትርፍ ካስገባ ጉድለቱ በወር 55፣ በአምስት ወር 275 ነው። የደራው ጊዜ 22 ሳምንት ከሆነ 275 ለ22 ሲካፈል 12.5 ይሆናል። ያ ገንዘብ በየሳምንቱ ቅዳሜ ወደ ሌላ ሒሳብ ይዛወር፤ ወር እስኪያልቅ ከተጠበቀ ዕቃ ይገዛበታል። የባለሞርሳው ጠረጴዛ 45ቱን 60 ካደረገው የሳምንቱ ቁጠባ ወደ 9 ግድም ይወርዳል፤ ጥገናው ለምን ይህን ያህል እንደሚያስፈልግ ከዚህ ይታያል።

የስጦታ ካርድና ቀብድ እንደ ትርፍ አይቆጠሩ። ካርዱ ሲሸጥ የገባው ገንዘብ ሜዳው ሲከፈት በዕቃ የሚከፈል ዕዳ ነው፤ ለብቻው ይመዝገብ። የቅድሚያ ትዕዛዙ የመክፈያ ቀኖችም ለሚቀጥሉት 13 ሳምንታት በአንድ ገጽ ላይ ይጻፉ፤ ሁለት አምራቾች አንድ ሳምንት ላይ ከወደቁ አንዱን ለማዘዋወር መጠየቅ የሚቻለው ቀኑ ሳይደርስ ነው።

ባለሞርሳው

ሜዳው ሊከፈት ሦስት ሳምንት ሲቀረው ደግሞ ይህን አረጋግጡ፦ ባለሁለት ፊት ፕላስተር ቢያንስ ሦስት ጥቅል፣ መደበኛ ግሪፕ ስምንት ከረጢት የሚሞላ፣ ሚድሳይዝ ሁለት ከረጢት የሚሞላ፣ የመንጠቆ ምላጭ አንድ ፓኮ። ኢፖክሲው ላይ ያለውን የአገልግሎት ቀን እዩ፤ ካለፈ ጣሉት። የጫማ ሹል ከመታዘዙ በፊት ጫማዎቹ የሚቀበሉት የጥርስ ዓይነት ይታይ፤ ፋስት ትዊስት፣ ፒንስና ስሊም-ሎክ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። የከረመው የጥገና ዱላ ሁሉ ተጠናቆ ለባለቤቱ ስልክ ተደውሎ ይሰጥ፤ አዲሱ ወረፋ ሲመጣ መደርደሪያው ባዶ መሆን አለበት።